የእማዬን አልቶ ፍለጋ

ሰኞ

በስልኬ ለእማዬ የከፈትኩላት መዝሙር መሐል ላይ የውርርድ ማስታወቂያ ገባ። እማዬ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ዘርግታ ተመስጣለች፤ የማስታወቂያው ሰውዬ «አሁኑኑ ይወራረዱ!» ብሎ ጮኸባት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ድምፅ ግን አልነበረውም። ሳቋም ሹክሹክታ ሆኗል።

የእንቅርት ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ እንዲህ ናት። ሐኪሙ «የድምፅዎ ነርቭ ደህና ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያዚሙ፣ ድምፅዎ ካልሠራ አይመለስም» ብሏታል። እንቢ ያለችው እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ የቆመች ሴት፣ አሁን አፏን በደንብ የምትከፍተው ለሾርባ ብቻ ሆኗል። ይህ ያስፈራኛል። ቤታችን ያለ እሷ ዜማ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፤ አሁን እያወቅሁት ነው።

የኔ ዘዴ፦ ጥሩ መዝሙር በጥሩ የድምፅ ጥራት ከሰማች ሳታውቀው ማዜም ትጀምራለች። ማስታወቂያ የሚያስገባው ነጻ የመዝሙር መተግበሪያ ግን ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብቷል።

ማክሰኞ

አራት ኪሎ ቢሮ ቁጭ ብዬ የመዝሙር መተግበሪያ ሳወዳድር ዋልኩ። አለቃዬ ሪፖርት የምሠራ መስሎታል።

የሀገር ውስጡ፦ ርካሽ ነው፤ ከስልክ ሂሳብ ይቆረጣል። የአማርኛ መዝሙር ሞልቶታል። ድምፁ ግን ጆንያ ውስጥ ገብተው የዘመሩት ይመስላል።

የውጭው ርካሽ፦ ድምፁ ደህና። ግን የፈለግሁት ዘማሪ ፎቶ ሥር የሌላ ሰው ድምፅ ይወጣል። ደግሞ ለክፍያ የውጭ ባንክ ካርድ ይፈልጋል፤ ከየት አባቴ ላምጣ?

የውጭው ውድ፦ እዚህ ላይ የሥራ ባልደረባዬ በረከት አንገቱን አስግጎ ገባ። «እሱ እኮ ሙዚቃውን አይጨምቀውም፤ ስቱዲዮ ውስጥ እንዳለ ነው የሚያመጣልሽ። ኢንተርኔቱን ግን እንደ ጅብ ነው የሚበላው።» እሱ ውጭ አገር ያለው ወንድሙ በሚከፍለው የቤተሰብ ሂሳብ ነው የሚሰማው። እኔንም ለሙከራ አስገባኝ። «ለማዘር አይደል? በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእህቴ ልጅ ነሽ» አለኝ። በዕድሜ እኔ እበልጠዋለሁ።

ረቡዕ

ከሥራ በኋላ የጆሮ ማዳመጫ ልገዛ ፒያሳ ወጣሁ። የማውቀው ሱቅ ፈርሷል፤ ባለቤቱ ሙዲን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተከራይቷል። «ኦሪጅናል ነው?» ስለው «እህቴ፣ እኔ ራሴ ኦሪጅናል መሆኔን በምን አውቄ!» አለኝ። ገዛሁት። ምን ላድርግ፣ አሳቀኝ።

ቤት እንደገባሁ የምትወደውን ዘማሪ በውዱ መተግበሪያ ከፈትኩላት። ጊታሩ ላይ ጣት ሲንሸራተት እንኳ ይሰማል። እማዬ የእንግዳ አቀማመጥ ተቀምጣ ሰማች፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቃ «ጥሩ ነው፣ ደከመኝ» አለች። ተናደድኩ፤ ከዚያ በመናደዴ አፈርኩ።

ሐሙስ

አገኘሁት!

አፍንጮ በር ከታክሲ ወርጄ ቤት ስገባ፣ እማዬ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና፣ ስልኳ ላይ የጫንኩላትን የጆንያውን መተግበሪያ ከፍታ፣ አንድ የድሮ የኳየር መዝሙር ደጋግማ ትሰማለች። ግንባሯ ተቋጥሯል።

«ታፍኗል» አለችኝ።

«ማን?»

«አልቶው ነዋ። ሶፕራኖዎቹ ውጠውታል።»

እማዬ አልቶ ናት፤ ከሶፕራኖዎቹ ከፍተኛ ድምፅ ሥር ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ የምትይዝ። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት፣ ግን አስቤበት አላውቅም። «እኔ ዋናውን ዜማ ዘምሬ አላውቅም፤ እሱን የሚይዘው ሌላ ነው፣ እኔ ከሥር ነኝ» አለች። «ከላይ የሚይዝልኝ ከሌለ ከየት ልነሳ?»

እኔ ጅሏ ደግሞ ብቻውን የሚዘምር ሰው ሳመጣላት ሰነበትኩ።

ያንኑ መዝሙር ውዱ ላይ ፈልጌ ከፈትኩላት። ፊቷ ተፈታ። ጣቷን አንስታ በአየር ላይ አንድ መስመር መሳል ጀመረች፤ «ይቺ ናት፣ ይቺውልሽ።» ማዳመጫውን ተቀብዬ ሰማሁ። እውነትም ከዜማው ሥር ሌሎች ሴቶች አሉ፤ ረጋ ብለው፣ በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። መልሼ ሰጠኋት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ምንም አልወጣም።

«ሞክሪ እንጂ፣ እማ።»

«የሚወጣው ድምፅ የኔ ባይሆንስ?» አለችኝ።

እጇን ይዣት ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ

ጎመን እየከተፍን ነበር። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መዝሙሩ ያለ ማዳመጫ ተከፍቷል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ጸጥ። የኢንተርኔት ጥቅሌ አልቆ ነው፤ ጅቡ በልቶ ጨርሶታል።

እኔ ግን ሳላስበው ቀጠልኩ። የኔ ድምፅ ከልጆች ኳየር በፍቅር የተሰናበተ ድምፅ ነው። እማዬ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ከፍ አድርገሽ ጀመርሽ። ዝቅ በይ» አለች፤ እንደ አሠልጣኝ።

ዝቅ አልኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ከድምፄ ሥር ሌላ ድምፅ ተሰማኝ። ሻካራ ነው፤ ቦታ ቦታ ላይ ይቆረጣል፣ መልሶ ይነሳል። ቀና ብዬ ላያት ፈራሁ። ካቆምኩ የምታቆም መሰለኝ። ጎመኑን እየከተፍኩ፣ እንባዬ እየወረደ፣ የማውቀውን አንድ አዝማች ደጋግሜ ዘመርኩ።

«ሌላ ግጥም አታውቂም እንዴ?» አለች በመጨረሻ። ጎመኑ ደቅቆ ደቅቆ ሾርባ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እሁድ

በረከት «የቱ አሸነፈ?» ብሎ ጻፈልኝ። ገና አልመለስኩለትም። ውዱን ሳልይዘው አልቀርም፤ አልቶዎቹ ያሉት እዚያ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የኳየር ጓደኞቿ ከመድረኩ ሆነው በዓይን ጠሯት፤ ራሷን በእንቢታ ነቀነቀችና ከኔ ጋር ኋላ ተቀመጠች። ከፋኝ። ትናንት የወጣው ድምፅ ለጎመን ብቻ ይሆን አልኩ። ሐኪሙም ቢሆን እንደ በፊቱ ይሆናል አላለም።

ጉባኤው ሊዘምር ሲነሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ከላይ ያዢልኝ» አለችኝ።

ያዝኩላት። በሙሉ ድምፄ። ከፊታችን የነበሩት ሴትዮ ዜማውን የሚያበላሸው ማነው ብለው ዞሩ። እኔ ነኝ። አላቆምኩም።