የትርንጎ ጠላ

ማክሰኞ፣ ጥር 15

ዛሬም ጠጪዎቹ «የትርንጎ እጅ ይባረክ» አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ጋኑን ተደግፌ ሰማሁ። የራሴን እጅ አየሁት። ጌሾ ጌሾ ይሸታል፤ ገበያ ከመውጣቴ በፊት በሎሚ የማሸው ይህንኑ ነው።

የማን እጅ እንደሆነ የምናውቀው እኔና እህቴ ትርንጎ ብቻ ነን። የነበርኩበት ሠራዊት ሲበተን ወደ ሰቆጣ ስመለስ እናታችን አልጋ ይዛ ነበር። ትርንጎ የጠመቀችው ሁሉ ይኮመጥጣል፤ እናቴ ተስፋ ቆርጣ ከአልጋዋ ሆና እኔን አስተማረችኝ። እሷ ካረፈች ወዲህ እኔ እጠምቃለሁ፣ ትርንጎ ትሸጣለች። ስምንት ዓመት። ወንድ የጠመቀው ነው ቢባል ማን ይጠጣል? ደንበኛ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። ብዙዎቹን የምለያቸው በሳላቸው ነው።

እሑድ ሠርጓ ነው። ባሏ ሾፌር ነው፤ በማግሥቱ ወልድያ ይዟት ይሄዳል። ደስ ብሎኛል። ዋሸሁ፤ ግማሹ ነው ደስ ያለኝ።

ሌላ ጭንቅ፦ ለመድኃኔዓለም ማኅበር የጠላ ትእዛዝ ተቀብላለች። ጥር 27። ሁለት ጋን።

ሐሙስ፣ ጥር 17

ጋኖቹን በግራዋ አሽቼ በወይራ አጠንኩ። ተራራው ከተከለለ ወዲህ ወይራ መቁረጥ የለም፤ የረገፈውን ጭራሮ ብቻ ነው የምለቅመው። ያጠብኩበት ውሃ ለጓሮው ጌሾ፣ አተላው ለፍየሎቹ። እናቴ የሚጣል ነገር አትወድም ነበር፤ እኔ ላይ ደግሞ ብሷል።

የጓሮው ጌሾ ስለማይበቃ ገበያ ወጣሁ። ከጋዝጊብላ የምትመጣው ሻጭ ቅጠሉን ሳሸት አይታኝ ሳቀች። «ወንድ ልጅ ጌሾ እንዲህ አሽትቶ ሲመርጥ አይቼ አላውቅም» አለች።

«እህቴ ናት ያዘዘችኝ» አልኩ። ምላሴ ለምዶታል፤ እንደ ሰላምታ ነው የሚወጣው።

ጌሾውን በውሃ ዘፍዝፌ ጠነሰስኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አያ ካሳ፣ ትርንጎን ሊመርቁ መጡ። እኔን ደግሞ ለብቻ ጠሩኝ። እሷ ከሄደች ቤቱ እንዳይዘጋ ሚስት አግባ ነው የሚሉት። እጇ የሰመረ ልጅ ሊያፈላልጉልኝ ነው። አመስግኜ ሸኘኋቸው። ከዚያ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦

ሚስት ባገባ፣ እሷ ትሸጣለች፣ ትመረቃለች፣ እኔ እዚያው መጋረጃ ጀርባ።

ብናገር፣ መሳቂያ እሆናለሁ፣ ጠላውም ጠጪ ያጣል።

ዝም ብል፣ ሁለቱ ጋን ሲያልቅ እኔም አለቀልኝ።

ቀን ሥራ ልግባ? ድንጋይ መሸከም አያቅተኝም። ግን ከሰው የምበልጥበት አንድ ነገር ይኸው ነው፤ እሱንም እንደ ሌባ ደብቄዋለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 21

ትርንጎ ሄደች። መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ ወርዳ እንደገና አቀፈችኝ። «ንገራቸው» አለችኝ በጆሮዬ። አሁን ነው የምትለኝ፣ ልትሄድ ስትል! ተናደድኩባት። ስምንት ዓመት የእኔን ምርቃት ስትቀበል ኖራ። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ።

የማኅበሩ ተረኛ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ ለዚህም ነው ከእኛ ያዘዘው። «ጠላውስ እንዴት ሊሆን ነው?» ብሎ ሲሮጥ መጣ። «እሷ ሁሉን ጨርሳ ነው የሄደችው፤ እኔ ክዳኑን መጠበቅ ብቻ ነው» አልኩት። እሱን ሸኝቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ብቅሉንና የተቆላውን ገብስ፣ አሻሮውን፣ ጨምሬ ደፈደፍኩ።

ዓርብ፣ ጥር 25

ቀመስኩት። እንዲህ ያለ ጠላ ጠምቄ አላውቅም። ጠቆር ያለ ነው። ጭሱ ቆይቶ ይመጣል፣ ምሬቱ አይከርምም። የምነግረው ሰው ብፈልግ አጣሁ። አተላ ለመብላት ለቆመችው ፍየል ነገርኳት።

እሑድ፣ ጥር 27

ጠላውን በአህያ ጭኜ ተረኛው ቤት ወሰድኩ። ቄሱ ጸሎቱን እንደጨረሱ አያ ካሳ «በሉ፣ ጠማቂዋ ትቅመስልን» አሉ። ደንቡ ነው፤ የጠመቀ ሰው በመዳፉ ቀድቶ ሳይቀምስ ማንም አይጠጣም። እኔ ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም። ሁልጊዜ ትርንጎ ናት የምትቀምሰው።

«ትርንጎ ወልድያ ናት፤ በእሷ ምትክ ወንድሟ ይቅመስ» አለ ተረኛው። ማምለጫ ሰጠኝ። ቀምሼ ዞር ብል ያልቅ ነበር። በመዳፌ ቀዳሁ። ቀመስኩ። እግሬ ግን አልሄድ አለኝ።

«የጠመቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ይኸንንም፣ እስከ ዛሬ ከእኛ ቤት የጠጣችሁትንም።»

አንዱ ሳቀ። አንዱ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ፣ አጠገቡ ያለውም ተከተለው። አያ ካሳ ዋንጫቸውን አላስቀመጡም። ጠጡ። አስደገሙ። እኔን ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

ሁለቱ ዋንጫዎች ሳይነኩ ቀሩ። ሌላው ሁሉ ተጠጣ። ደስታ ልበለው ውርደት አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥር 28

የአያ ካሳ ባለቤት እትዬ ወርቄ አንድ ጆንያ ገብስ አሸክመው መጡ። «የየካቲት ተረኞች እኛ ነን» አሉ። ደስ አለኝ፤ ጠላ ሊያዙኝ ነው።

«ጉልበቴ አልቆም ብሎኛል። እኔ ቤት ጓዳ ገብተህ ትጠምቅልኛለህ፤ በሩን እዘጋልሃለሁ። ለሰው እኔ ጠመቅሁት እላለሁ። አንተም ከሐሜት ትድናለህ፣ ልጄ።»

ክፋት የለባቸውም። አዝነውልኝ ነው። የከበደኝም ይኸው ነው።

«እትዬ፣ እጠምቅልዎታለሁ» አልኩ። «ግን እዚሁ፣ በሩ ተከፍቶ፣ በስሜ።» እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ጋኑን እያንከባለልኩ ደጅ አወጣሁት። ስምንት ዓመት ጓዳ ነው የታጠበው። መንገደኛው ሁሉ እያየ በግራዋ ማሸት ጀመርኩ። አንዲት ሴት ቆማ ሳቀች፤ ቀና አላልኩም። እትዬ ወርቄ ጥቂት አዩኝና ሄዱ።

ገብሱን አስገባልኝ አላሉም። ይዘውትም አልሄዱም። ጆንያው አሁንም በሩ ላይ ነው።