ሪባኑ እስኪቆረጥ ስለተዘጋው የተራራ መንገድ

ለተራራማ ብሔራዊ ፓርኮች አስተዳደር
ክቡር ዋና ዳይሬክተር

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ከዚያ ሁሉ የአውሮፕላን ጉዞ በኋላ ወገብዎ እንዳልተያዘ፣ እንቅልፍዎም ወደ ቦታው እንደተመለሰ ከልቤ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የመኪና ወንበር ልባስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል የወገብን ነገር አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣው ክቡርነትዎን ለማሳጣት ፈልጌ አይደለም። ለቢሮዎ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ጊዜ «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስለደረሰኝ፣ ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ እንደሆነ ብዬ ነው።

ጉዳዩ የአባቴ ነው። አባቴ በመሥሪያ ቤትዎ ሃያ ስድስት ዓመት የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ነድቷል፤ ሰፈራችን እስከ ዛሬ የሚጠራው «አባባ ዶዘር» እያለ ነው። በየዓመቱ የበረዶው ወራት ሲያልቅ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከሦስቱ ፓርኮችዎ በሦስተኛው አናት ላይ የሚያልፈውን መንገድ ከበረዶ ሥር አውጥቶ ለሕዝብ ያስረክብ ነበር። የመጨረሻው ክምር እንደተገፋ ነጂዎቹ በዚያው ቀን በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ሌላ ሥራ ይላካሉ። ስለዚህ አባቴ ያንን መንገድ ሃያ ስድስት ጊዜ ከፍቶ፣ ክፍት ሆኖ ግን አንድ ቀን እንኳ አላየውም። እሱ የሚያውቀው ከመስታወቱ ፊት ለፊት የቆመ ነጭ ግድግዳ ነው። በረዶው ሲለቅ ከሥሩ ምን እንደሚወጣ የሚሰማው ከሽርሽር ተመላሾች ነበር።

ባለፈው ዓመት ዓይኑ ታመመ። ዕይታው ከዳር ዳር እየጠበበ መጥቶ በበር ቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆነ። የዓይን ሐኪሟ ነገሩን ሳትሸፋፍን፣ ከበጋው በፊት ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ይዩት አለችው። አባቴ «መንገዴን» አለ።

እናም የበረዶውን ወራት በሙሉ ጉዞ ስናቅድ ከረምን። ካርታውን በመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተን፣ በልብስ ሰፊ ጠመኔ መስመር እያሰመርን፣ በጸደይ መጨረሻ ሦስቱን ፓርኮች በአንድ ሳምንት እንድንዞር ተስማማን። ወንድሜ መኪናውን አዋሰን፤ እኔም አባዬ ከፍ ብሎ እንዲያይ የፊቱ ወንበር ላይ ስፖንጅ ጨመርኩበት። መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን ለማወቅ ስልክ ልደውል ስል ግን «ስልክ ምን ያደርጋል? በረዶው ስንት ሜትር እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ፤ ቀኑን እኔ እነግርሻለሁ» አለኝ። ሬድዮ ሦስት ሜትር ከሃያ ነው አለ። አባዬ በጣቱ ቆጠረና ቀኑን ነገረኝ፤ ሠራተኞችዎም ልክ በዚያ ቀን ጠርገው ጨረሱ። ጥፋታችን ይህ ነው ክቡር ዳይሬክተር፤ እኛ የቆጠርነው በረዶውን እንጂ የእርስዎን የጉዞ ፕሮግራም አልነበረም።

ቅሬታ ብዬ ላስቸግርዎ አልሻም። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በመጀመሪያው ፓርክ፣ በራሪ ወረቀትዎ መግቢያው በሰሜን በኩል ነው ስላለን በሰሜን ሄድን። በሩ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ደቡብ መዛወሩን የነገረን እዚያ አካባቢ እንጨት የሚጭን ሰው ነው። ጫካውን በውጭ በኩል ዙሪያውን ስላስጎበኙን እናመሰግናለን።

2ኛ. በሁለተኛው ፓርክ፣ ሐይቆቹ በሚታዩበት ኮረብታ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰሌዳ ከነፎቶግራፍዎ ቆሟል። ሰሌዳው ትልቅ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ ከኋላው ነው። አባቴ በቀረችው ጠባብ ዕይታ ሐይቁን ሲፈልግ ያገኘው የክቡርነትዎን ከረባት ስለሆነ «ሰውየው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የቀድሞ አለቃህ ወንበር ላይ የተቀመጡት ናቸው አልኩት። ክንዱን ይዤ ወደ ጎን እስካዞረው ድረስ ፊትዎን በደንብ አይቶታልና ደስ ይበልዎት።

3ኛ. ሦስተኛው ፓርክ ኬላ ላይ አጣናው ወርዶ፣ «በበረዶ ምክንያት ዝግ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተንጠልጥሎ አገኘን። ከአጣናው ማዶ ያለው አስፋልት ደረቅ ነው፤ ወፎች ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁበታል። የኬላው ጠባቂ አባቴ ማን እንደሆነ ሲሰማ ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። ከዚያ እያፈረ «አባባ፣ መንገዱ ከትናንት ጀምሮ እንደ ቤት ወለል ጸድቷል። ግን ሪባኑ ገና አልተቆረጠም» አለው። አባዬ ነገሩ ጨርሶ አልገባውም። በእሱ ጊዜ የመጨረሻው ነጂ ጥሩምባውን እየነፋ ሲወርድ ጠባቂው አጣናውን ያነሳል፤ በቃ፣ መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። ሪባን የሚያውቀው በስጦታ ዕቃ ላይ ነው።

ሪባኑን የሚቆርጡት እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ደግሞ ባሕር ማዶ፣ ተራሮችን ለሁሉም ሰው ተደራሽ ስለማድረግ በሚመክር ጉባኤ ላይ ነበሩ። ይህን የሰማሁት ከምክትልዎ ነው፤ ልቀልድ ብፈልግ እንኳ እንዲህ አድርጌ አልፈጥረውም።

4ኛ. ለምክትልዎ ትዕግሥት ልዩ ምስጋና አለኝ። በቀን ሁለት ጊዜ ስደውልላቸው አንድም ቀን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉብኝም። የሐኪሟን ወረቀት አነበብኩላቸው። መኪናው ይቅር፣ ጠባቂው እጁን ይዞ በእግሩ እስከ መጀመሪያው የመንገዱ ጥምዝ ብቻ ያድርሰው ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም በጣም በትሕትና፣ ከምረቃው በፊት እግር ከረገጠው ምረቃው ትርጉም ያጣል አሉኝ። አስፋልቱ እኮ ከእኔ ዕድሜ በላይ ነው፤ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚመረቀው ምኑ ነው? ይህን ስጠይቃቸው ጥያቄዬን ለሚመለከተው ክፍል እንደሚያስተላልፉ ቃል ገቡልኝ።

ስድስት ቀን ሙሉ ከእንግዳ ማረፊያው ወደ ኬላው፣ ከኬላው ወደ እንግዳ ማረፊያው ተመላለስን። አባቴ ጠዋት ጠዋት አጣናው ሥር በተጣጣፊ ወንበር ይቀመጥና በቁልፍ ቀዳዳው ወደ ላይ ያያል። ከዚያ የሚታየው እስከ መጀመሪያው ጥምዝ ድረስ ያለው አስፋልት ብቻ ነበር።

5ኛ. በሰባተኛው ቀን ጠዋት አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ መጋረጃውን ለምን እንዳልገለጥኩ ጠየቀኝ። መጋረጃው ተገልጧል። ፀሐይዋ ጉልበቱ ላይ ነበረች።

እዚህ ቁጥር ላይ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ቀን ወደ ሆስፒታል ይዤው ወረድኩ። ሐኪሞቹ አዩት፤ ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም ብለው በደግ ቃል አሰናበቱን። ክቡር ዳይሬክተር፣ ዓይኑን በሽታው እንደወሰደው አውቃለሁ፤ ለዚያ እርስዎን አልከስም። የቀሩትን ስድስት ቀናት ግን የወሰዱበት እርስዎ ነዎት። ሌላ ማንም አልወሰደበትም።

እኔ ወደ ቤት እንመለስ አልኩ። እሱ አይሆንም ብሎ በአሥረኛው ቀን ለምረቃው ተመልሰን ወጣን። ማርሹ ባንድ ነበር፣ የተደረደረ ወንበር ነበር። እርስዎ በንግግርዎ «ዘንድሮ በረዶው በርትቶብን ነበር» ሲሉ፣ ክንዴን ይዞ ከሕዝቡ ኋላ የቆመው ሽማግሌ «ሦስት ሜትር ከሃያ ምኑ በረታ?» ብሎ አጉረመረመ። እርስዎ አልሰሙትም፤ ጭብጨባ ነበር።

ከአጀብዎ ኋላ ተሰልፈን አለፍን። ክቡር ዳይሬክተር፣ እኔ የጨርቅ ቀለም እንጂ ተራራ መግለጽ አልችልም። አባቴ በየጥምዙ «አሁን ምን አለ?» ይለኛል፤ እኔ ሣር ነው፣ ውሃ ነው፣ ድንጋይ ነው እላለሁ። አንዱ ጥምዝ ላይ ስንደርስ በመኪናው አዟዟር አውቆት እንድቆም ነገረኝ። የበረዶው ግድግዳ ከሁሉ የሚረዝመው እዚያ ነበር አለኝ፤ ከሥሩ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ቢጫ አበባ ነበር፣ ከመንገዱ ዳር ጀምሮ እስከ ላይ ድረስ። «አበባ? እኔ እኮ ድንጋይ ነው ብዬ በየዓመቱ የማሽኑን አካፋ ከፍ አድርጌ ነበር የማልፈው» አለ። ወርዶ በእጁ ሊዳስሰው በሩን ሲከፍት፣ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛዎ እየሮጠ መጥቶ የክቡር እንግዶች መስመር ስለሆነ መቆም ክልክል ነው አለን። አባቴ ሥርዓት አክባሪ ሰው ነው፤ በሩን ዘጋው።

የምጠይቅዎት ካሳ አይደለም፤ አባቴን የሚክስ ነገር በመሥሪያ ቤትዎ ግምጃ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ። የምጠይቀው ለከርሞ፣ የመጨረሻው ማሽን በወረደበት ሰዓት ጠባቂው አጣናውን እንዲያነሳ እንዲፈቅዱለት ነው። ሪባኑን ሲመችዎ፣ በፈለጉት ወር፣ ከፈለጉ ቢሮዎ ውስጥ ይቁረጡት። ሰው በሥሩ እያለፈ ቢቆረጥም ያው ሪባን ነው።

መቀስዎ የማይደንዝ፣ አውሮፕላንዎ የማይዘገይ፣ ንግግርዎም ጭብጨባ የማያጣ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከአጣናው በዚህኛው በኩል ሆኜ ጠብቁ የተባልኩትን ሁሉ የጠበቅሁ፣

ታዛዥዎ፣ ወንበር ሰፊዋ የአባባ ዶዘር ልጅ

ማሳሰቢያ፦ በምረቃው ላይ ስለተገኘን ከቢሮዎ የተላከልን የአስተያየት ቅጽ ትናንት ደርሶናል፤ እኔ እያነበብኩ አባቴ እየመለሰ ሞልተነዋል። «መንገዱ በሚገባ ተጠርጓል ወይ?» ለሚለው አባዬ ከአምስት አምስት ሰጥቷል፤ ልጆቹ ጥሩ ሠርተዋል ብሏል። «ባዩት የተራራ ገጽታ ምን ያህል ረክተዋል?» የሚለው ግን ባዶ ነው። ረስተን እንዳይመስልዎት። እሱ «እንዳለ ተይው፣ አለቃው ይሙላው» ስላለኝ ቅጹን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ።