ለእኔ የምትሰግደው

ልጄ ወንዶሰን፣ የሰው አገር ይመችህ፤ የረገጥከው ምድር ይለምልምልህ። ነገሌ ዝናብ ገብቷል፤ እኛ ደህና ነን። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የጀርባዬ አጥንት በብረት ስለተያያዘ፣ ሐኪሙ ጎንበስ እንዳልል ከልክሎኛል። ሰው ሁሉ በጾሙ ሲሰግድ ቆሜ ስቀር እግዚአብሔርን የበደልኩ ይመስለኛል። አባ ወልደየሱስ «በልብሽ ስገጂ» ቢሉኝም አላስቻለኝም። ትናንት ልሰግድ ስል እህትህ እድላዊት ትከሻዬን ይዛ፣ «እማዬ፣ ብረቱ ይላቀቃል! እኔ እሰግድልሻለሁ» አለችኝ። የራሷን ጨርሳ የእኔን ስትሰግድ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ይህንንማ አልጽፍም ብላ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ነበር፤ ተቆጥቼ አስጻፍኳት። ልጄ፣ እስከ ስቅለት የእኔን ስግደት አንተ ያዝልኝ፤ እሷ እንድታርፍ ነው። እመቤቴ ከሁለታችሁም ጥላዋን አታንሳ።

እናትህ የዓለምወርቅ