በላይነህ ምን ይባላል?

ለተወደድከው የቅኔ ቤት ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ለቁራሽ ስንዞር ውሻ የነከሰው ያ እግርህ ክረምቱን እንዴት አለፈው? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር፣ ስሙ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ዳዊቱን በቃሌ ስለማውቀው ምእመናኑ እስካሁን አልነቁብኝም። የርብ ወንዝም ዘንድሮ ሞልቶ ሳያጥለቀልቀን ከረመ፤ ሩዙ አምሮ ገብቷል።

አሁን የምጽፍልህ በሰው ፊት ላወራው ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው። አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው።

ከይፋግ ወዲህ፣ ሜዳው ላይ፣ በላይነህ የሚባል የንስሐ ልጅ ነበረኝ። ሩዝ ያመርታል፣ ከብት ያረባል። ጾም የማይሽር፣ የሰው ድንበር የማይገፋ ሰው ነው። ሰኔ ላይ አንድ ሰኞ ቤቴ መጣና «አባ፣ ልሰናበትዎት ነው» አለኝ። ወዴት ልትሄድ ነው ብለው፣ የትም አልሄድም፣ ሃይማኖቱን ትቻለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስለደከሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ አለ። የተዋሰውን በሬ የሚመልስ ሰው ይመስላል። ምስጋና ብሎ አንድ ቅል ቅቤ ይዞልኛል።

እግዜርን ካድክ ወይ ብዬ ጮኽኩበት።

«ኧረ አባ! እሱን እንዴት እክዳለሁ? ማሳ ስወርድ አብሬው አይደል የምውለው? የተውኩት መካከል ያለውን ነው» አለኝ።

መካከል ያለው እኮ እኔ ነኝ፣ ወንድሜ! ማን አስቀየመህ ብለው ማንም። ወደ ሌሎቹ ገባህ ወይ ብለው የትም። ቅቤውን ግን ተቀበልኩት።

ነገሩ ተዳፍኖ ቆይቶ ኅዳር ላይ፣ ሩዝ ሲታጨድ፣ ወባ ጣለው። ሚስቱ እማዋይሽ እያለቀሰች መጣችብኝ፤ ይሄ ሰውዬ ቢሞትብኝ የት ልቀብረው ነው አለች። እውነቷን ነው። የእድራችን ደንብ ድንኳንና ቀባሪ የሚሰጠው «ሃይማኖቱ ለታወቀ አባል» ነው ይላል። የእድሩ ዳኛ ዘመነ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰውን ሁሉ ዋርካው ሥር ሰበሰበና፣ በላይነህ ምን እንደሚባል ዛሬውኑ ይወሰን አለ።

አንዱ ከሐዲ ነው አለ። በየንግግሩ በእግዜር የሚምል ከሐዲ የት ታይቷል ተባለና ቀረ። ሌላው መናፍቅ ነው አለ። ከእነማን ጋር ሲባል ጊዜ ከማንም፤ ብቻውን መናፍቅ ሆኖ ተገኘ። ዞረው እኔን አዩኝ። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ሁሉ አንዲት ቃል አላቀብል አለኝ። ሳል የያዘኝ መስዬ አቀረቀርኩ።

የዳኛው ልጅ ማስተዋል፣ ወረታ ከተማ መምህርት ናት። ስልኳን ነካካችና «ዴይስት ይባላል» አለች። ፈጣሪ ዓለምን ሠርቶ ትቶት ሄደ የሚል ሰው ነው ብላ አስረዳችን። ይህን ስትል በላይነህ ራሱ ጋቢ ተከናንቦ በዱላ እየተደገፈ ከች አለ። ሰው ስለ ቀብሩ እየመከረ እሱ ተኝቶ መስማት አልሆነለትም። ቃሉን ነገሩት።

«ሄደ? መቼ ሄደ? ዛሬ ጧት ነበረ እኮ!» አለ።

ማስተዋል ሌላ ፈለገች፤ «አግኖስቲክ»፣ ፈጣሪ መኖሩን ማወቅ አይቻልም የሚል። «እኔ አውቃለሁ እያልኩ!» ብሎ ተቆጣ። በመጨረሻ «እንግዲያው ሃይማኖት የለሽ አማኝ እንበለው» አለች። ጆሯቸው የከበደው አባ ቢሻው ከኋላ ብድግ ብለው፣ የለሽማ ለሴት ነው፣ ወንድ ነውና የለህ በሉት አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። በላይነህም ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠው ሳቀ።

ዘመነ ተናዶ፣ አንተ ራስህን ምን ትለዋለህ አለው።

«በላይነህ።»

«ስምህንማ እናውቃለን!»

«እንግዲህ እሱም በዚሁ ነው የሚያውቀኝ። ሌላ ስም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ከዚህ በላይ መሄጃ ጠፋ። መዝገቡ ላይ ከስሙ አጠገብ «በማጣራት ላይ» ተብሎ ተጻፈ፤ እስኪጣራ ድረስም እንዳይሞት አደራ ተባለ። እማዋይሽ እንባዋን እየጠረገች፣ እኔም ሃያ ስምንት ዓመት እያጣራሁት ነው አለች።

መድኃኒቱን ጨርሶ ተነሣ። እኔም የጠፋውን መመለስ ግዴታዬ ነውና በየሐሙሱ እሄድበታለሁ። እስካሁን ግን ነገሩን አላነሣሁበትም። ማሳው ዳር እንቀመጣለን፤ እሱ ከብቶቹን ያያል፣ እኔ እሱ ወደሚያይበት አያለሁ። አንዳንዴ ምንም ሳንናገር ይመሻል። ዝም ብሎ መቀመጥ እንደዚህ እንደሚያጠግብ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ «አባ፣ የእርስዎን የሚሰማ ማን አለ?» አለኝ። የእኔ የንስሐ አባት ካረፉ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ደብረ ታቦር ሌላ ይዣለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። ለእሱ መዋሸት አቃተኝ። ከዚያ ያወራነውን ለአንተም አልጽፈውም። ስጨርስ ፀሐይ ጠልቃለች። መስቀሌን ከመሬት አነሣሁና ልሄድ ቆምኩ። እሱም ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ ሲያሻሽ ቆየ።

«እንግዲህ… እግዜር ይፍታዎት» አለኝ።

«አሜን» አልኩ።

የምትስቅበት ጥርስ፣ የምታርፍበት ጥላ አይንሣህ። ልጆችህን በደጁ ያቁምልህ። ባለቤትህን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ።

የቅኔ ቤት ወንድምህ