ሕፃን ያልተገኘበት ቤት

ለውድ እናቴ ለእማዬ ውባየሁ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የደብረ ብርሃን ብርድ አሁንም በግራው ነው ወይስ ተራው የቀኙ ሆነ? ወንድሜ ተድላስ፣ ላሚቱስ፣ ጎረቤቱስ? እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን። በስልክማ ኔትወርኩ «ደህና ነኝ» ከሚለው አያሳልፈንም፤ ቀሪውን በወረቀት ልሞክር። ተድላ፣ ስታነብላት እየዘለልክ አይደለም።

ቦንጋ ላይ ዝናቡ እንደኛ ቋሚ ሠራተኛ ነው፤ ልዩነቱ የዓመት ፈቃድ አይወጣም። ባለቤቴ ሚሊዮን ጅንካ ከተመደበ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል። ሲመሽ እኔ መጽሐፍ እይዛለሁ፤ ልጄ ሃሌሉያ ከአሻንጉሊቷ ጋር በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ታወራለች። አማርኛዬን ትሰማለች፤ መልሷ ግን በዚያው በካፊኖኖ ነው። አንዳንዴ ከት ብላ ስትስቅ በእኔ ይመስለኛል።

ልጅቷን ላኪልኝ ያልሽውን አልረሳሁም። መልሴ የዘገየበትን ምክንያት ልንገርሽ።

ቀን የምትውለው እትዬ ወርቅአፈራሁ የሚባሉ የሰፈራችን ሴት ዘንድ ነው። የመምህራኑንም፣ የነርሶቹንም፣ የጽዳት ሠራተኞቹንም ልጆች የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ፈቃድ የላቸውም። ዘንድሮ ለመሥሪያ ቤታችን መመሪያ ወረደ፦ ልጅ የሚውልበት ቤት ሁሉ ይታይ፤ ስታንዳርዱን ያሟላ ፈቃድና የወተት ድጎማ ያግኝ፤ አቅም ለሌላቸው እናቶችም ክፍያው ይደገፍ፤ ያላሟላ ይዘጋ። ስታንዳርዱ ወለሉ ሴራሚክ ይሁን፣ እያንዳንዱ ሕፃን የራሱ አልጋ ይኑረው ይላል። የእኔ ወለል ሲሚንቶ ነው፤ ልጄም ከእኔው ጋር ነው የምትተኛው። በመመሪያው ከሄድን ልጄን ማሳደግ አይፈቀድልኝም።

ቤቱን እንድናይ የተመደብነው እኔና አለቃዬ ጋሽ ፈለቀ ነን። ልጄ እዚያ እንደምትውል እሳቸው አያውቁም፤ እኔም አልተናገርኩም። እንደምንመጣ አስቀድመን ላክን። እትዬ ወርቅአፈራሁ ከመልእክቱ የያዙት እንግዳ መምጣቱን ብቻ ነው። ቤቱን አጽድተው፣ ሣር ጎዝጉዘው፣ ቆጮና ማር አቅርበው ጠበቁን። እንግዳ እንዳይረበሽ ብለውም ልጆቹን በሙሉ ከእንሰቱ ማዶ ጎረቤት ሰደዷቸው።

ጋሽ ፈለቀ ክፍሉን ዞረው አዩና «እትዬ፣ ሕፃናቱስ?» አሉ። «ቤት ያበላሻሉ ብዬ ነዋ ጋሼ፤ ይልቅ ማሩን ቅመሱልኝ» አሏቸው።

ያን ጊዜ ከእንሰቱ ጀርባ «እማ!» የሚል ድምፅ መጣ። ደግሞም «እማ!»። ሃሌሉያ ድምፄን ሰምታለች። ጋሽ ፈለቀ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁ። የእኔ ናት ብል ትጠራለች፤ ሌሎቹም ተከትለዋት ይመጣሉ፤ አልጋ የለ፣ ቤቱ ይዘጋል። ማር ማሩን አየሁ። እትዬ ወርቅአፈራሁ እኔን አዩኝና «የጎረቤት ናት» አሉ።

ጋሽ ፈለቀም ሕፃን ስላልተገኘ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ አይደለም ብለው ወሰኑ። የሌለ ነገር አይዘጋም፤ የሌለ ነገር አይደጎምም። ማሩን ግን አመስግነዋል።

አመሻሽ ላይ ልወስዳት ስሄድ ከሴትዮዋ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች። ብጠራት ዝም። እሳቸው በካፊኖኖ አናገሯትና ተረጎሙልኝ፦ «ስጠራት ዝም አለችኝ፤ እኔም ዝም እላታለሁ ትላለች።» ቀጥለውም «ተያት ልጄ፣ እናትሽ ሥራ ላይ ነበረች ብያታለሁ» አሉኝ። ላማቸው ነጥፋለች እማዬ። ለልጆቹ የሚመጣው ወተት በእኔ ዝምታ ቀረ፤ እሳቸው ግን የሚያጽናኑት እኔን ነው።

ሰኞ ለጋሽ ፈለቀ የጎረቤት የተባለችው የእኔ መሆኗን እነግራቸዋለሁ። ልጆቹ ባሉበት ደግመን እንየው እላቸዋለሁ። ወይ ወተቱ ይመጣል፣ ወይ ቤቱ ይዘጋል። ከተዘጋ ልጅቷን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ዝናቡን ብቻዬን እሰማለሁ። ስለዚህ ለእሷ ያልሽውን ፍራሽ ገና አትዘርጊው፤ ለሌላ እንግዳም አትስጪው።

ተድላን ሳይዘል ስላነበበ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን አያ ገሠሠን ጆሯቸው ዘንድ ጠጋ ብለሽ ሰላም በይልኝ። ላሚቱንም እንዳትነጥፍ አደራ በያት። ሃሌሉያም አጠገቤ ሆና አንድ ነገር ብላሻለች። ሰላምታ ይሁን ወቀሳ አልገባኝም፤ እንዳለ ተቀበይልኝ።

ልጅሽ ሄርሜላ
ቦንጋ፣ ሰኔ 16 ቀን 2004 ዓ.ም.