የዳቦ ቤቱ አባት አልሞተም

ውድ ባለቤቴ፣

የቴሌቪዥኑን ማለቴ ነው። የቤቴማ ይኸው ጎኔ ቁጭ ብሎ «ለማን ነው የምትጽፊው?» ይለኛል። «ለባሌ» አልኩት። «ሰላም በይልኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ግማሽ ጭቅጭቅሽን ስለተካፈለኝ ውለታው አለብኝ በይው» አለ። እንግዲህ ሰላም ብሎሃል።

በኮሪደር ስንገናኝ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ» ነበር የምልህ፤ ካሜራው ሲበራ ደግሞ አንተ። ዛሬ እንደ ካሜራው አንተ ልበልህ፣ እሱ ይቀናኛል። ደብዳቤውን የምታነብልህ የራስህ ልጅ ናት፣ ፋርማሲስቷ። ጠዋት ጠዋት ልብህ ብሩህ እንደሆነ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ጠዋት ታንብብልህ። ልጄ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢለት፤ ስጽፍም ስናገርም እንደምሮጥ አባትሽ ያውቀዋል።

ዋናውን ነገር ላስቀድም፦ አልሞትክም። ሊገድሉህ ነበር፤ ግን አልሞትክም። በድራማው ነው የምልህ። ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ስትከፍት የትንሿን ልጃችንን ሠርግ ታያለህ እንጂ ሬሳ ሣጥን የለም። እኔም ጥቁር አልለበስኩም። ሌላ ነገር የሚያወራ ሰው ቢመጣ እንዳታምነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ፤ ሁሉም ውስጥ አንተው ነበርክ፣ ግን አንዳንዱ ወድቆብህ ይሆናል። ካንተ የወደቀውን እኔ አንስቼ ይዤዋለሁ፣ አታስብ።

እኔ ተዋናይ አልነበርኩም፤ መጋረጃ ሰፊ ነበርኩ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ከስፌት መኪናዬ ሌላ ጓደኛ የሌለኝ ሴት። ለድራማው ዳቦ ቤት መስኮት መጋረጃ ይዤ ስቱዲዮ መጣሁ። አናጢው ዘንጉን አጣሞ ሰቅሎት ኖሮ እሱና እኔ ስንነታረክ ዳይሬክተሩ ከኋላዬ ሆኖ ይሰማኛል ለካ። «እናትየዋን አገኘኋት!» ብሎ ጮኸ። እኔ እናቱ ጠፍታበት የከረመ ምስኪን መስሎኝ «እሰይ! የት ነበሩ?» አልኩት።

አንተ ከቲያትር ቤት የመጣህ፣ አንጋፋ ነህ። የመጀመሪያ ቀን ካሜራው ላይ አፍጥጬ መቅረቴን አይተህ ጠጋ አልከኝና «ካሜራውን እርሺው፤ እኔን ብቻ ተቆጪኝ። ባል የለሽም?» አልከኝ።

«አለኝ።»

«እንግዲያው ልምድ አለሽ።»

በዚህች ቃል ነው ተዋናይ የሆንኩት። ሌላ ትምህርት ቤት አልገባሁም።

ያን ጊዜ እኛ ቤት፣ እኔና አንተ መሃል፣ ፍቅር የሚባል ነገር አልነበረም። በድርሰቱ አንተ ፊትህን የማትፈታ ዳቦ ጋጋሪ ነህ፣ እኔ ነገረኛ ሚስት ነኝ፤ ፍቅሩ ሁሉ የልጆቹ ነበር። ትልቁ ልጃችን የማዶውን ዳቦ ቤት ባለቤት ልጅ ወደደ። ከማዶዎቹ ጋር ደግሞ ዓይንና ናጫ ነን። ተደብቀው ተጋቡ፣ ተጣሉ፣ ተፋቱ፣ መልሰው ተጋቡ። ምራታችን አርግዛ ድርሰቱ እየተጓተተ ሳትወልድ ከረመች። በየመንገዱ እያስቆሙኝ «ኧረ ይቺ ልጅ ያረገዘችው ዝሆን ነው እንዴ?» ይሉኝ ነበር። እኔም እንደ እውነተኛ አማት አፍሬ «ሐኪሙ ደህና ነው ብሏል» እላለሁ።

አንተ ደግሞ በስተርጅና ዱቄት አቅራቢዋን ወደድክ። አይፈረድብህም፣ አንገቷ ረጅም፣ ፈገግታዋም ለጉድ ነበር። ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴትዮ ሚዛኑን አስቀምጣ «ልቀቂው ይሂድ! ይሄ ሽበታም! ምን ቀረሽ ብለሽ ነው?» ብላ ስትሰድብልኝ ነበር። ደራሲዎቹም የወሰኑት ይህንኑ ነበር፤ ትተኸኝ ትሄዳለህ፣ ቤቱ ይበተናል፣ ልጆቹ ለሁለት ይከፈላሉ።

የምትወጣበት ቀን ደረሰ። ረጅም ንግግር አለህ፤ ስንት ዓመት በሆድህ የያዝከውን ሁሉ ነግረኸኝ በሩን ወርውረህ ትወጣለህ። ምድጃው ፊት ቆምክ፣ አፍህን ከፈትክ። ምንም የለም። ዓይንህን አየሁት። ገበያ መሃል የእናቱ እጅ ያመለጠው ልጅ ዓይን ነበር። አንተ ቃል የማይጠፋህ ሰው!

አላሰብኩበትም። ያንተን ክፍል ቤት ውስጥ ባሌ እያነበበልኝ ስለማጠና ንግግርህን በቃሌ አውቀዋለሁ። ዝም ብዬ ለቀቅኩት፦

«አፍህን ከፍተህ አትቅርብኝ! የምትለውን አውቃለሁ። በቃኝ፣ ከዚህ ቤት እወጣለሁ ልትል ነው። ውጣ! ግን መጀመሪያ ዳቦውን ከምድጃ አውጣ፤ አሳርረኸው ልትሄድና የማዶዎቹ መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?»

ሳቅክ። የትወና ሳቅ አልነበረም፣ ትከሻህ ተንቀጠቀጠ። ጎንበስ ብለህ ዳቦውን አወጣህና ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክ። ከዚያ በሩ ጋ መሄድ ሲገባህ ወንበር ስበህ ቁጭ አልክ። ዳይሬክተሩም አላስቆመንም።

ያ ክፍል ሲተላለፍ አገሩ ተደባለቀ። ቲማቲም ሻጯ ከነሽርጧ አቅፋኝ «ታረቃችሁ! ታረቃችሁ!» አለች፤ ያ ሁሉ ስድብ የት እንደገባ እንጃ። ለጣቢያው የሚደወለው ሁሉ «እንዳትለያዩአቸው» ሆነ። ደራሲዎቹ ምን ያድርጉ? ዱቄት አቅራቢዋን ለጭነት መኪናው ሾፌር ድረው ገላገሉን። እኛ ሽማግሎቹ፣ ማንም ያልጠበቀን፣ የድራማው ፍቅረኞች ሆንን።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዘህ «ቃሉ እየሸሸኝ ነው። ለማንም አትንገሪ» አልከኝ።

«ምኑን?» አልኩህ።

እንደማልናገር ገባህ። ፈገግ አልክና ሄድክ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላወራንም። እኔ ያንተንም የኔንም አጠናለሁ፤ ስትይዘው ትናገራለህ፣ ሲያመልጥህ «አባታችሁ ሊል የፈለገው…» ብዬ እቀጥላለሁ። ሕዝቡ ሚስቲቱ ባሏን እንዲህ ጠልቃ ታውቀዋለች ብሎ ተገረመ። አንተን «ዝምተኛው» አሉህ። የቤቴ ሰውዬ እንኳ «እኔን መቼ እንዲህ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?» ብሎ አኮረፈ። «አንተ መቼ እንዲህ ዝም ብለህ ታውቃለህ?» አልኩት።

የትንሿን ነገርማ ታስታውሰው ይሆን? ምድጃችንን ሊጠግን የመጣውን ኤሌክትሪሺያን ወደደች። በድርሰቱ አንተ ልጁን ሰድበህ፣ አዋርደህ፣ ካልሲው እስኪርስ አስፈራርተህ ታባርረዋለህ፤ እሷ በንዴት ትጠፋለች፤ የዓመቱ ታሪክ በሙሉ የሚቆመው በዚያ ስድብ ላይ ነው። ልጁ ከነመፍቻው ፊትህ ቆሞ ይጠብቃል። አንተ ዝም። እኔም ለምን እንደሁ እንጃ፣ ያን ቀን ያን ሁሉ ስድብ ከአፌ ላወጣው አልፈለግኩም። ትኩስ ዳቦ አነሳህ፣ ለሁለት ገመስከው፣ ትልቁን ግማሽ ሰጠኸው።

ቀረጻው ሲያበቃ ደራሲዋ፣ ያቺ ባለመነጽሯ ልጅ፣ ወረቀቷን አቅፋ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ! ማባረር ነበረብዎት እኮ!»

«ርቦት ነበር» አልካት።

«ማን?»

«ልጁ። የራበው ልጅ ይባረራል?»

ቆማ አየችህ። ሄደችና ዓመቱን በሙሉ እንደ አዲስ ጻፈችው። ይቺን ልጅ ለዚህ ነው የምወዳት፤ ወረቀቷን ከሰው አታስበልጥም። ኤሌክትሪሺያኑ ሌባ ሊሆን ታስቦ ነበር፤ ባንተ ዳቦ ምክንያት አማች ሆነ።

እንግዲህ ልጅህ ቤት ይዋል ካለች ወዲህ ያለውን ልንገርህ። አዲሱ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ሰበሰበን። ክፋት የለበትም፣ ትንሽ ይቸኩላል እንጂ። «አባትየው በትንሿ ሠርግ ዋዜማ ያርፋል» አለ። «ልቡን ይዞት ይወድቃል። ሕዝቡ ያለቅሳል። እናታችን ሣጥኑ ላይ ትወድቃለች።»

«አልወድቅም» አልኩ።

«እንዴት?»

«በሕይወት ባለ ሰው ሣጥን ላይ አልወድቅም።»

«ትወና እኮ ነው እናታችን።»

«ለኔም ላንተም ትወና ነው። እሱ ግን በየሳምንቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየናል። ልጁ ነግራኛለች፤ አንዳንድ ቀን ድራማ መሆኑን ያውቃል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ዳቦ ቤቱን ማን ከፈተው ብሎ ይጠይቃል። ያ ቀን ቢገጥመውስ? እኔ ደረቴን ስደቃ፣ ልጆቹ ጥቁር ለብሰው፣ ሶፋው ላይ ሆኖ የራሱን ቀብር ይይ?»

ካሜራማኑ ጫማውን ያይ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ «ታዲያ የት እናድርሰው? የቤት አባት ዝም ብሎ አይጠፋም» አለ። እውነቱን ነው።

«አንድ ቀን ይምጣ» አልኩ። «ሠርጉ ላይ ከጎኔ ይቁም። ከዚያ ወስኑ።»

«ባይችልስ?»

«ባይችል ሣጥኑ ላይ እወድቃለሁ።»

እንዲህ ብዬ ተወራረድኩብህ። ፊቴን እንዳያዩብኝ ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፍ የምፈልግ መሰልኩ።

ልጅህ በጠዋት ይዛህ መጣች። ቡናማው ኮት ሰፍቶህ የአልባሳት ክፍሏ ልጅ ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ያዘችልህ። ወደ ቤታችን ገባህ፣ ግድግዳውን፣ ምድጃውን ዞረህ አየህ። «ቤቱ ያምራል። የማን ነው?» አልከኝ።

«የኛ ነው።»

«ይባርክላችሁ» አልክ፣ እንደ እንግዳ። ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣምሮ ሞኒተሩ ፊት ቆሟል።

ያለህ ቃል አንድ ነበር፣ «ደስ ይበልሽ ልጄ» ብቻ። ትንሿ፣ የፊት ጥርሷ ሳይበቅል ወደኛ የመጣችው ልጅ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ፊትህ ቆመች። ካሜራው በራ። ጠበቅን። አንተ ዝም። ትንሿ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ «አባትሽ ሊል የፈለገው» ልል ትንፋሼን ሳብኩ።

ያኔ ነው የተንቀሳቀስከው። ፊቷን አየህ፣ ዝናብ እንደሚጠረጥር ሰው ቀና ብለህ መብራቶቹን አየህ፣ መልሰህ ፊቷን አየህ። ለካ ያንተው ጥላ ፊቷ ላይ ወድቆ ኖሯል! ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አልክ፣ ክርኗን ይዘህ በቀስታ አዞርካት። ብርሃኑ መላ ፊቷ ላይ ፈሰሰ፤ እንባዋም ታየ። ያንን ካደረግክ በኋላ እጆችህን አጣምረህ ከኋላዋ፣ ጨለማው በኩል ቆምክ። እሷ «አባዬ» አለች፤ ድርሰቱ ላይ የለም። እኔም የሳብኩትን ትንፋሽ ዋጥኩት። ማንም የሚጨምርበት ነገር አልነበረም። ያንን ጥላ ዳይሬክተሩ ራሱ አላየውም ነበር፤ «እኔ ያላየሁትን አየው» እያለ ዋለ። ቃል ከድቶህ ይሆናል። ሙያህ አልከዳህም።

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። «እሺ፣ አይሞትም» አለ። «ግን ከሠርጉ በኋላስ የት ይሁን?»

ደራሲዋ ከጥግ ሆና «ቤቱ ይሁና!» አለች። «ውስጠኛው ክፍል ውስጥ። አባትየው ብዙም አይናገር፣ እናታችንም ዝም አይሉ። እሳቸው በር ላይ ሆነው ያውሩት፤ እኛ ገብተን አናይም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አለቀስኩ፣ ይኸው እውነቱ።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። ሰዎች «በእውነት በመካከላችሁ ምንም አልነበረም?» ይሉኛል። ባሌን እወደዋለሁ፣ ይኸው ይሰማኛል። ያንተ ሌላ ነው። አንድ መጋረጃ ሰፊና አንድ ቃል የሸሸው ሰው ሆነን፣ ሊበተን የታሰበ ቤት አቆምን። በየመንገዱ «የዝምተኛው ሚስት» ብለው ሲጠሩኝ ዞር የምለው ደረቴን ነፍቼ ነው። ኮርቼብህ ነው የኖርኩት። ፊት ለፊት ልነግርህ ግን አፈርኩ፤ እኔ! አፈርኩ ብል ማን ያምነኛል?

ከሠርጉ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ትናንት ቀረጽን። ሻይ ይዤ በሩን በክርኔ ገፋ አደረግኩና ወደ ውስጥ አወራሁ፤ ትልቁ ልጃችን ከማዶዎቹ ጋር ሁለቱን ዳቦ ቤቶች ሊያዋህድ መሆኑን ነገርኩህ። ክፍሉ ውስጥ ያለው እንኳ መሰላልና የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ወንበር አስቀምጡልኝ አልኳቸው፤ ካሜራው አያየውም፣ እኔ ግን ፊትህ የሚሆንበትን ከፍታ አውቄ ማውራት አለብኝ።

እንግዲህ በቴሌቪዥኑ በር ላይ ቆሜ ሳወራ ስታይ፣ የማወራው ካንተ ጋር ነው። ከሶፋህ አትነሳ፣ ቃል ፍለጋም አትድከም። መልስ ብጠይቅህ ለወጉ ያህል ነው። ሻይህን ወንበሩ አጠገብ አስቀምጬ እወጣለሁ፤ በሩንም ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።

እስከ ቅዳሜ ደህና ሁንልኝ።

የዳቦ ቤቷ እናት፣
ነገረኛዋ ሚስትህ