የጆብ ስኬልተን ጣት

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዝናብ። ትናንትም ዝናብ። በዚህ ቶርንቢ በሚሉት መንደር ከበግና ከጭቃ ሌላ ነገር ያለ አይመስለኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ደንቆሮ ልጆች አስተማርኩ፤ ጳጳሱ ደግሞ ለውለታዬ የደንቆሮ አባቶችን ደብር ሰጡኝ።

እሁድ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንን ሠላሳ ዘጠኝ የሃይማኖት አንቀጾች ሕዝብ ፊት ማንበብ አለብኝ። አዲስ ቄስ በሁለት ወር ውስጥ አንድም ሳያስቀር ካላነበበ ደብሩን ያጣል። ጉንፋን ጥሎኝ ጊዜው ሊያልቅ ነው... የቀሩኝ ሁለት እሁዶች ናቸው። ግን ማንበብ ለእኔ ምን ቁም ነገር ነው?

ሐሙስ 6

የሰበካው ተጠሪ ሊጎበኘኝ መጣ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጆብ ስኬልተን! የድሮ ተማሪዬ፣ ያ ድንጋይ ራስ። በጣቱ መስመሩን ካልተከተለ ማንበብ የማይችል። «ጣት የሰነፍ ምርኩዝ ነው» እያልኩ ስንቴ በማስመሪያ መታሁት... አሁን በግ ያረባል፣ ቦርጭ አውጥቷል። ማንበቤን ፈርሞ የሚመሰክረውም እሱ ነው። ጉድ ነው።

«የኔታ፣ ሽበት አልነካዎትም እኮ» አለኝ።

«አንተም ያው ነህ» አልኩት። ምስጋና መስሎት ሳቀ።

እሁድ 9

አነበብኩ። ግማሹ አንቀላፋ፣ ግማሹን ሳል ያዘው። ጆብ ከፊት ወንበር መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያንኑ ጣቱን ይጎትታል። መሃል ላይ ጣቱ ቆመ። ጠፋበት፣ ምስኪን። ስንወጣ «ፊርማውን ላሳድረው» አለኝ። ስሙን ለመጻፍም ማሰብ አለበት!

ረቡዕ 12

ጆብ ብቻውን መጣ። ባርኔጣውን እያሻሸ ቆመ።

«የኔታ፣ እንዳይቆጡኝ... ሃያ ሦስተኛውና ሃያ አራተኛው አልተነበቡም።»

«የሳትከው አንተ ነህ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ሦስት ቀን አሰብኩበት። ጣቴ ግን እዚያው ነበር።»

መጽሐፉን አመጣሁ። ቅጠሎቹ በእርጥበት ተጣብቀዋል... ሁለቱን አንድ ላይ ገልጫለሁ። ሃያ ሦስተኛው፣ በወጉ ያልተሾመ ሕዝብ ፊት ቆሞ አያስተምር የሚለው ነው። የትምህርት ቤቱን ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞታል። ይህን ካጣሁ የት እገባለሁ?

«ለማን ነገርክ?»

«ለሚስቴም አልነገርኩ። የፊታችን እሁድ አለ፣ ይድገሙት። ሰው ለምን ቢል፣ ጆብ ስላልገባው ነው እላለሁ። ያምኑኛል።»

«ይህን ሁሉ ለምን ታደርጋለህ?»

«መስመር ስዘል ይመቱኝ ነበር። ግን ሳያስደግሙኝ ቤት ሰደውኝ አያውቁም።»

አፈርኩ... ያን ጣት በመናቄ አፈርኩ።

እሁድ 16

ገና ሳልጀምር ከኋላ አንዱ «በጆብ ድንቁርና ዛሬም ምሳችን ሊበርድ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። ጆብም አብሮ ሳቀ።

«ጆብ አይደለም» አልኩ። «ገጽ የዘለልኩት እኔ ነኝ።»

ጣቴን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አድርጌ ሠላሳ ዘጠኙንም አነበብኩ።

ጆብ ፈረመ። የእጅ ጽሑፉ ዛሬም አይነበብም። ቀለሙን እፍ ብዬ አደረቅኩለት።